«ኦሮማይ»ን ሸጦ ቀለበት የገዛው እጮኛ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅርም ነው፤ ስለ መጽሐፍም ነው። «ደግሞ ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ መጽሐፍ ሰው ሲያጣላ አላያችሁም ማለት ነው። እኔ አይቻለሁ። ከማየትም አልፌ እጄን አስገብቼበታለሁ። ስለዚህ በዚህ ገጽ ላይ እንደለመድኩት «አንተ እንዲህ አድርግ፣ አንቺ እንዲህ አድርጊ» እያልኩ የምናገርበት ፊት ዛሬ የለኝም። ጥፋቱ የሁለት ሰው ነው፤ አንደኛው እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ሞባይል የሚጠግን ጓደኛ አለኝ። ስሙን እንተወው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ሥራ ይወዳል፣ ጨዋታ ያውቃል፣ ብር ግን እጁ ላይ አይበረክትም። እጮኛው ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ሦስት ዓመት ተዋደው ሽማግሌ ተላከ፣ «እሺ» ተባለ፣ ሰርጉም ለጥር ተቆረጠ። የቀረው ቀለበት ብቻ ነበር። ወርቅ ደግሞ እንደምታውቁት የሚቀመስ አልሆነም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጠናል። ጓደኛዬ ከቦርሳው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ «አንተ የመጽሐፍ ሰው ነህ፣ እስቲ ይሄን እየው» አለኝ። ፌስታሉን ስፈታው የበርበሬ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ሦስቴ አስነጠሰኝ። ከማስነጠሱ ስመለስ እጄ ላይ ያለውን አየሁት። «ኦሮማይ»! የርዕሱን ገጽ ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት፣ 1975 ዓ.ም.። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ።

«አቦ! ይሄ እኮ ወርቅ ነው!» አልኩት።

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ለምን ወርቅ እንዳልኩት ለማታውቁት ጥቂት ልበል። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የሰሜኑን ጦርነት ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ እጨርሳለሁ ብሎ «የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ» የሚባለውን ጀመረ። ዓላማው ናቅፋን መያዝ ነበር። ሠራዊቱ ወደ ተራራው፣ ሹማምንቱና ጋዜጠኞቹ ወደ አስመራ ተጓዙ። አስመራ ከወረዱት አንዱ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረው ደራሲ በዓሉ ግርማ ነው። ናቅፋ ግን አልተያዘችም። በዓሉም ያየውን በልብ ወለድ መልክ ጽፎ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ብሎ አወጣው። ቃሉ ከጣሊያንኛ መጥቶ አስመራ የለመደችው ነው፤ «አለቀ፣ አበቃለት» እንደ ማለት። የመጽሐፉ ዋና ሰው ፀጋዬ የሚባል ጋዜጠኛ ነው፤ አዲስ አበባ እጮኛውን ትቶ ሄዶ አስመራ ላይ ፊያሜታ ከምትባል ቆንጆ ጋር ፍቅር ይይዘዋል። ከፍቅሩ ጎን ግን ጦርነቱ አለ፣ ውሸቱ አለ፣ ሹመኞቹ አሉ። ሹመኞቹ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ ራሳቸውን አገኙ። ከዚያ በኋላማ መጽሐፉ ከየሱቁ ተለቀመ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ቮልስዋገን መኪናው መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። እሱ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

መጽሐፉ ደርግ እስኪወድቅ በፎቶ ኮፒ እየተባዛ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እንደገና እየታተመ ስለሆነ ዛሬ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ችግር የለም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዴቪድ ደጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት አሜሪካና እንግሊዝ አገር ወጥቷል። የ1975ቱ ቅጂ ግን ሌላ ነገር ነው። መንግሥት ለቅሞት የተረፈ፣ ያገኘው ሰው ፈርቶ ያላቃጠለው፣ አይጥና ምስጥ ያልበላው ስንት አለ? ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት እሱን ነው።

ሐረርስ ምን አገባት? ብትሉ፣ ሐረር እኮ የወታደር ከተማ ነበረች። የጦር አካዳሚው በ1950 ዓ.ም. እዚህ ተከፈተ። 3ኛ ክፍለ ጦር መቀመጫው እዚህ ነበር። ይህን መጽሐፍ ያስለቀመው መንግሥት መሪ፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ራሱ በመኮንንነቱ ዘመን ያገለገለው እዚሁ ከተማ፣ በዚሁ 3ኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ነው። ከጁገል ግንብ ውጪ ባሉት ሰፈሮች ብዙ ቤት ገብታችሁ አልጋ ሥር ብትጎነበሱ የወታደር ሳጥን ታገኛላችሁ። ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ባለቤቲቱ ካልፈቀደች አታዩም።

ወደ በርጫው ልመለስ። «የማን ነው?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ አይደል? አልጠየቅኩም። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ሌላው ሁሉ ይታየዋል፣ ይህች ትንሿ ጥያቄ ግን አልታየችኝም። እንዲያውም ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁለት። የቴሌግራም ማስታወቂያውንም የጻፍኩለት እኔ ነኝ። «ብርቅዬ! የመጀመሪያ እትም! ከመንግሥት ለቀማ የተረፈ!» ብዬ። ዋጋውን 24 ሺህ ብር አልነው። በሦስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ገዢ ተገኘ።

ገዢው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ፎቶ በፎቶ አስላከን፤ ሽፋኑን፣ ጀርባውን፣ የርዕሱን ገጽ፣ መሐሉን። የመጨረሻዋን ባዶ ገጽ ሲያይ ግን ፊቱን አጠቆረ። እዚያች ገጽ ላይ በእርሳስ፣ በደቃቅ የእጅ ጽሑፍ አሥራ አንድ ስሞች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። ከየስሙ ፊት ማዕረግ፣ ከየስሙ ኋላ የቦታ ስም አለ። ገዢው «ይሄ ጽሑፍ አበላሽቶታል፤ ሦስት ሺህ ቀንሱ» አለ። ጓደኛዬም ሦስት ሺህ ብር ለምን ይቅርብኝ ብሎ፣ ጉድ በሉ እንግዲህ፣ ላጲስ ገዝቶ መፋቅ ጀመረ! አምስቱን ስም ፋቀ። ስድስተኛው ላይ ወረቀቱ ሊቀደድ ሲል ፈርቶ ተወው። ገዢው አዲሱን ፎቶ ሲያይ «ጭራሽ አባባስከው» ብሎ ያንኑ ሦስት ሺህ ቀነሰ፤ በሌላው በሌላውም ተከራክሮ መጨረሻ ላይ በ18 ሺህ ብር ተስማሙ።

መጽሐፉ በመኪና ተላከ፣ ብሩ በባንክ ገባ። ጓደኛዬ በእጁ የነበረችውን ጨምሮ ቀለበት ገዛ። ለእኔም «ለጻፍክበት» ብሎ አንድ ሺህ ብር ሰጠኝ። ተቀበልኩ። ምሳና በርጫ ሆነች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ማታ፣ ጓደኛዬ ቤቴ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ምን ሆነሃል?» አልኩት። «መጽሐፉን መልስልን አለችኝ» አለ። «ማን?» «እሷ ናታ! የአባቷ ነው።»

ያኔ ነው ታሪኩን ከሥሩ የሰማሁት። አባቷ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። በ1974 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ዘምተው እግራቸውን ተመትተው ተመለሱ። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ ለሕክምና ሲመላለሱ መጽሐፉ ወጥቶ ነበርና ገዙት። ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉ ተከለከለ፤ ሰው ቤት ተገኘ ማለት ጣጣ ነው። ሃምሳ አለቃው በፌስታል ጠቅልለው ሐረር አመጡትና ባለቤታቸው በርበሬ ከሚያስቀምጡበት ትልቅ ጣሳ ሥር ቀበሩት። በርበሬ ውስጥ እጁን የሚሰድ ፈታሽ አይኖርም ብለው ነው። ይኸውና ብልም ሳይነካው አርባ ዓመት ተሻገረ። ባዶዋ ገጽ ላይ የጻፏቸው አሥራ አንዱ ስሞች እዚያ ተራራ ላይ አብረዋቸው ውለው ያልተመለሱ ልጆች ናቸው። በየዓመቱ አንድ ቀን ቡና ያስፈሉና ስሞቹን አንድ በአንድ ይጠሩ ነበር አሉ። እሳቸው ካረፉ በኋላ እናትየው በሙት ዓመታቸው ስሞቹን ከባላቸው ስም ጋር ለቄሱ ለጸሎት ይሰጣሉ። እናትየው ማንበብ ስለማይሆንላቸው የምታነብላቸው ልጅቷ ናት። ከአሥራ አንዱ አንዱ እስላም ነበርና ለእሱ ለብቻው በስሙ ምጽዋት ይወጣል።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ልጅቷ መጽሐፉን ለጓደኛዬ የሰጠችው «አባዬን እንድታውቀው አንብበው» ብላ ነበር።

ዝም ብዬ አየሁት። ምን ልበለው? «ስሞቹን ስትፍቅ አላነበብካቸውም?» አልኩት። «እኔ ምን አውቄ! የድሮ ባለቤት መስሎኝ... ለነገሩ አላሰብኩበትም» አለኝ። በእሱ መፍረድ አልቻልኩም። እኔም ገጹን ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ በስልኬ ግን የቀረው ከተፋቀ በኋላ የተነሳው ነው። የፊተኛውን ቦታ ሞላብኝ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ገዢው ጋ የተላከውም ከውይይቱ ጋር አብሮ ተሰርዟል።

ጓደኛዬ ያመጣቸውን መፍትሔዎች ልንገራችሁ፤ ስንቶቻችሁ እንደዚሁ ታስቡ እንደነበር ራሳችሁን ጠይቁ። አንደኛው፣ «ሌላ የ1975 ቅጂ ፈልገን ገዝተን በርበሬ ውስጥ ብንከተውስ?» የሚል ነው። ብልህ ነው አይደል? ግን ሽታው ቢመጣ እጅ ጽሑፉ ከየት ይመጣል? ሁለተኛው «ተሰረቅኩ ልበላት» ነው። ይሄ ደግሞ ቴሌግራም ላይ በእኔ ቃላት የወጣ ማስታወቂያ እያለ! ሦስተኛው ከሁሉ የባሰው፣ አዲሱን እትም ገዝቶ «ያው ነው፣ ታሪኩ አንድ ነው» ሊላት ነበር።

እዚህ ላይ ከወሬው ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላንሳ። የመጽሐፍ ሰብሳቢዎች ዓለም የራሱ ሕግ አለው። ፈረንጆቹን ብትወስዱ፣ የሄሚንግዌይ «ፌርዌል ቱ አርምስ» የተባለው የጦርነት ልብ ወለድ እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1929 ሲወጣ በመጀመሪያው ሕትመት ላይ «በዚህ መጽሐፍ ያሉት ሰዎች በሕይወት ያሉ ሰዎች አይደሉም» የሚል ማሳሰቢያ አልነበረበትም። በሚቀጥለው ሕትመት ተጨመረ። እና ሰብሳቢ የሚያሳድደው ማሳሰቢያው የሌለበትን ነው። የወረቀት መሸፈኛው ካለማ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ንጹሕ ይሁን፣ ያልተነካ ይሁን፣ ባለቤት የሌለው ይምሰል ነው ነገሩ። ደራሲው ራሱ ከፈረመበት ዋጋው ሰማይ ይነካል። አንድ ሃምሳ አለቃ በእርሳስ ከጻፈበት ሦስት ሺህ ብር ይቀንሳል። የገዢው ክፋት አይደለም፤ ገበያው እንዲህ ነው የሚያስበው።

የእኛ ከተማ የድሮ ሰዎች ግን ሌላ ዓይነት ልማድ ነበራቸው። ሐረር በእጅ ጽሑፍ ኪታቦቿና በቆዳ ጥረዛዋ የታወቀች ነበረች። ጁገል ውስጥ ራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘውን የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ያላያችሁ እዚሁ ተቀምጣችሁ ቱሪስት ሲቀድማችሁ አታፍሩም? ብዙ ያረጁ ኪታቦች ላይ «ወቅፍ ነው» የሚል ይጻፋል። አይሸጥም፣ አይለወጥም ማለት ነው። ሃምሳ አለቃው ወቅፍ የሚለውን አልጻፉም። አሥራ አንድ ስም ግን ጽፈዋል።

እግረ መንገዴን፣ ቤታችሁ አሮጌ መጽሐፍ ላላችሁ ከስህተቴ የተማርኳትን ላካፍላችሁ። የመጀመሪያ እትም መሆኑን ለማወቅ ሽፋኑን አትመኑ፤ የርዕሱን ገጽ ጀርባ አንብቡ። ዓመተ ምሕረቱን፣ አሳታሚውን፣ ስንተኛ እትም መሆኑን ተመልከቱ። በደርግ ጊዜ የተባዛ ፎቶ ኮፒ ከሆነ የፊደሉ ጠርዝ ያብባል፣ ገጹም አንዳንዴ ጠመም ይላል፤ እሱም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለውና አትጣሉት። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ፀሐይ አታስመቱት። ከመሬትና ከግድግዳ አርቁት፤ ምስጥ በዚያ ነው የሚመጣው። በፌስታል ጭምቅ አድርጎ መጠቅለልም ርጥበት ካለ ያሻግተዋል፤ የሃምሳ አለቃውን ያዳነው ደረቁ በርበሬ ይመስለኛል። ከሁሉ በላይ ግን ላጲስ አታስጠጉ! ዳር ላይ የተጻፈ፣ የተሰመረ፣ የተፈረመ ሁሉ ይቆይ። ደግሞም ማንኛውንም ነገር ከመሸጣችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሱና አስቀምጡ። እኔ እንዳደረግኩት ቦታ ሞላብኝ ብላችሁ አታጥፉ።

እና ለጓደኛዬ ምን አልኩት? «ነገ ጠዋት ንገራት» አልኩት። «ትለየኛለች» አለኝ። «ትችላለች» አልኩት። «ታዲያ?» «ታዲያማ መጽሐፉን ለማስመለስ ብር ያስፈልጋል፤ ያለህ ብር ደግሞ ጣቷ ላይ ነው። ሳትነግራት እንዴት አድርገህ ነው የምታወልቀው?» ይህን ስለው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አለቀሰ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ማየት ይከብዳል። እኔም ያችን አንድ ሺህ ብር ተበድሬ መለስኩለት። ከገዢው ጋርም የደወልኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው መጽሐፉን አልሸጠውም፤ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ሐሙስ ላስጠርዘው ነው። ያችን የቆሸሸች የመጨረሻ ገጽ ቆርጠን አዲስ ወረቀት እናደርግበታለን።» በእናትህ አትንካት ብዬ ለመንኩት። ነገሩን ሲሰማ ዝም አለና «እኔም ብር አውጥቻለሁ» አለ። 21 ሺህ ብር አለ። ሦስት ሺህ ጨመረ ማለት ነው። ያችው ሦስት ሺህ!

በማግስቱ ጓደኛዬ ነገራት። ፋርማሲው ደጃፍ፣ ቆመው ነው። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አይ ነበር። አልጮኸችም። አልተሳደበችም። ስለ ቀለበቱም ምንም አላለችም። ኋላ እሱ እንደነገረኝ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችው።

«ስንቱን ስም አጠፋህ?»

«አምስት።»

«አንዱን እንኳ ታስታውሰዋለህ?»

አላስታወሰም። ቀለበቱን አውልቃ እጁ ላይ አስቀመጠችና ገብታ ለደንበኛ መድኃኒት መስጠቷን ቀጠለች።

ቀለበቱ ሲሸጥ ከተገዛበት ዋጋ ወርዶ ነው፤ ወርቅ ስትገዛና ስትሸጥ ዋጋው አንድ አይደለም። የጎደለውን እኔም ከየሰዉ ተበድሬ ሞላሁ። መጽሐፉን ለማምጣት የሄደችው ግን ራሷ ናት። «አንተ ሂድ» አላለችውም፤ «አብረን እንሂድ»ም አላለችውም። ወንድሟን ይዛ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በአውቶቡስ ሄዳ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው መጽሐፉ ቤቱ ገባ።

በዚያው ማታ ጓደኛዬ ተጠራ። እኔም አብሬው ሄድኩ፤ መቅረት አልቻልኩም። እናትየው ቡና አስፈልተዋል። ይሰድቡናል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። እሳቸው «ግቡ ልጆቼ፣ ተቀመጡ» አሉን። እንዲህ ያለ ደግነት ከስድብ ይበልጥ ያማል። ከዚያ ወደ ጓደኛዬ ዞረው «አንተ የስልክ ሠሪ አይደለህ? ዓይንህ ደቃቅ ነገር ያያል። እስቲ ና፣ ያጠፋኸውን ፈልግ» አሉት።

የተፋቀ የእርሳስ ጽሑፍ እኮ ጨርሶ አይጠፋም። ቀለሙ ቢሄድም ወረቀቱ ላይ የተጫነው ስርጉድ ይቀራል። መብራቱን አጥፍተን የስልክ ባትሪ ከገጹ ጎን፣ ዝቅ አድርገን ስንይዘው ጥላው ፊደሎቹን ማውጣት ጀመረ። ሃምሳ አለቃው እርሳሱን ጫን አድርገው የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ጓደኛዬ ሞባይል በሚጠግንበት አጉሊ መነጽር ጎንበስ ብሎ ፊደል በፊደል ያነባል፤ እናትየው ስሙ ግማሽ ሲሆን «አዎ፣ እሱ ነው! የጎጃሙ ልጅ!» ይላሉ። ሁለቱን እንዲህ አገኘናቸው። ሦስተኛውንና አራተኛውን እናትየው ከዓመት ዓመት ሲነበብ ከመስማት በቃላቸው ይዘውት ኖሮ በስርጉዱ አመሳከርነው። ልጅቷ በሌላ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ጓደኛዬን አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችውም፤ ባትሪውን የያዘው እጁ ሲደክም ግን ተቀብላ ያዘችለት።

አምስተኛው አስቸገረን። ሊቀደድ የደረሰው እዚያ ላይ ነውና ወረቀቱ ተላልጧል። እናትየውም ስሙ አልመጣላቸውም። «እሱ የጁገሉ ልጅ ነው» አሉ። ለብቻው ምጽዋት የሚወጣለት ማለት ነው። «ባሌ ‹የጁገሉ ልጅ› እያለ ነበር የሚያወራልኝ። እናቱ መኪና ግርግር ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ውሃ ያጠጣው እሱ ነው፣ ሲመታ።» ከዚህ በላይ አያውቁም።

ሙት ዓመቱ በቀኑ ተደረገ። አሥሩ ስሞች ከሃምሳ አለቃው ስም ጋር ለቄሱ ተሰጡ። ለአሥራ አንደኛው የሚወጣውን ምጽዋት ዘንድሮ ጓደኛዬ ነው ይዞ የሄደው፤ «በማን ስም?» ሲሉት መልስ አልነበረውም። ሰርጉ ከጥር ወደ ሚያዝያ ተዛውሯል። ተዛወረ እንጂ ቀረ አልተባለም፤ ቀለበት ስለመግዛት ግን እስካሁን የሚያነሳ የለም። መጽሐፉ ተመልሶ ጣሳው ውስጥ ገብቷል።

ጓደኛዬ አሁን ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ወደ ጁገል ይገባል። መኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎቹ ጋ፣ ጨርቅ ሻጮቹ ጋ፣ ሽማግሌዎቹ ጋ እየዞረ በ1974 ወደ ሰሜን ሄዶ ስላልተመለሰ ልጅ ይጠይቃል። ከገጹ ላይ በጥላ የወጣችው የመጀመሪያዋ ፊደል «አ» ትመስላለች። ጁገል ውስጥ ደግሞ አብዱላሂው፣ አህመዱ፣ አብዱረህማኑ፣ አሚኑ ብዛቱን እናንተው ታውቁታላችሁ። ባለፈው ሐሙስ አብሬው ሄጄ ነበር። አንዲት አሮጊት ጨርቋን እያጠፈች ሰማችንና «ቁመቱ ረጅም ነበር እንዴ?» አለችን። እኛ አናውቅም። ነገ እናትየውን ጠይቀን እንመለሳለን።